የጋሽ ታምራት ስምና የእኔ ዳንቴል

«ታማኝ፣ ቅንና ሰው አክባሪ የነበረው ወንድማችን ጋሽ ታምራት ባደረበት ሕመም ምክንያት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል።»

ይህን ያነበብኩት በወረርሽኙ ሁለተኛ ዓመት፣ ጆሃንስበርግ ጄፒ መንገድ ላይ፣ መጋረጃ በምሸጥበት ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው። መልእክቱን በዋትስአፕ ግሩፓችን የላኩት የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ደሳለኝ ናቸው። ከሥሩ ሰዉ ተሰልፎ «ነፍስ ይማር» ይጽፋል፤ አንዱ ሻማ፣ ሌላው የተጣመሩ እጆች ይልካል። መጀመሪያ እንባዬ መጣ። ቀጥሎ «ታማኝ» የምትለዋን ቃል መልሼ አየኋትና ደሜ ፈላ። ይኸው ግሩፕ፣ እነዚሁ ሰዎች፣ ከዓመት በፊት ይህንኑ ሰውዬ ሌባ ብለውታል። ሌባ ያሰኘሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ የምጽፈው ስለ እሱ ቢሆንም የተናደድኩት በራሴም ጭምር ነው፤ ይህን አስቀድማችሁ ያዙልኝ።

ጋሽ ታምራት ላፕቶፕ ጠጋኝ ነበር። «ቴክኒሻን» ሲሉት ፊቱን ያጨማድዳል። «ደሴ እያለሁ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበርኩ፣ እዚህ ላፕቶፕ ጠጋኝ ሆንኩ፤ ስሜን አታስረዝሙብኝ» ይላል። ጄፒ ካሉት የኛ ሰዎች ከሞሉባቸው ሕንፃዎች በአንደኛው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በጂንስ ሻጭና በብርድ ልብስ ሻጭ መሃል አንድ ጠረጴዛ ነበረችው። ጠረጴዛዋ ጋ ሁለት በርጩማ አለ፤ አንዱ የሱ፣ አንዱ የባለ ማሽኑ። ባለቤቱ በርጩማው ላይ ካልተቀመጠ አንድ ብሎን አይነካም። «ትቼልህ ልሂድ፣ ማታ እመለሳለሁ» የሚለውን ደንበኛ «ይዘኸው ሂድና ጊዜ ሲኖርህ ና፤ ፊትህ ነው የምፈታው» ብሎ ይመልሰዋል። በዚህ ጠባዩ ስንቱን ደንበኛ እንዳጣ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ወረርሽኙ ከመምጣቱ በፊት ነው። የሕፃናት መዋያ፣ እዚህ አገር ክሬሽ የሚሉት ቤት፣ ለመቀጠር የሚያበቃ ትምህርት በርቀት ጀምሬ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ ነበር።

«አልተበላሸም እኮ ጋሼ። አማርኛ መጻፊያ እንድትጭንልኝ ብቻ ነው» አልኩት።

«አብረሽው ልትኖሪ አይደል እንዴ? ሆዱን እይው እንጂ። ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ነጭ ወረቀት አውጥቶ የላፕቶፑን ጀርባ ዙሪያውን በእርሳስ ነደፈ። እያንዳንዱን ብሎን ሲያወጣ ወረቀቱ ላይ ያው ከወጣበት ቦታ ያኖረዋል። ጀርባው ሲከፈት ትንሿን ክብ ማራገቢያ፣ እኛ ፋን የምንላትን፣ በካቻቢቴው ጫፍ አሳየኝ።

«ስልክሽን አውጪና ፎቶ አንሺ። ፋኗ ላይ ያለው ቁጥር በደንብ ይነበብ።»

«ለምን?»

«ነገ ተነስተሽ ‹ይሄ የኔ አይደለም፣ ቀየርከው› እንዳትይኝ ነዋ! ላንቺም ለኔም ነው።»

ሳቅኩበት። ሰውዬው ተጠራጣሪ መስሎኝ ነበር። ቢሆንም ቁጥሩን አቅርቤ አነሳሁት። ከዚያ ማሽኑን አስነሳና የእጁን ጀርባ፣ እናት የልጇን ትኩሳት በምታይበት መንገድ፣ ሥሩ ላይ አስደግፎ ዝም አለ። ጆሮውንም አስጠጋ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ይዳስሳል፣ መፍታት የመጨረሻው ነው። ጥያቄዎቹ ደግሞ የፖሊስ ናቸው። የት ነው የሚያድረው? ምን ላይ ነው የምታስቀምጪው? ቻርጅ ላይ እያለ ትሠሪበታለሽ? ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?

«በሥሩ ነው የሚተነፍሰው» አለኝ ሲጨርስ። «አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ፣ ጨርቅ ላይ ያስቀመጠው ሰው አፍንጫውን አፍኖ ይዞታል ማለት ነው። ባዶ እንጨት ላይ አኑሪው። ባዶ! ሰምተሻል?»

ከማሽኑ የጠረገውን አቧራ ደግሞ አይጥለውም። በትንሽ ፖስታ ያደርገዋል፤ ከላይ ያገኘውን ነገር በብዕር ይጽፍና ለባለቤቱ ይሰጣል። «የድመት ፀጉር። የሲጋራ አመድ። የበርበሬ ብናኝ።» ሰዉ ይስቅበታል፤ አንዳንዱም እዚያው ፊቱ ይጥለዋል። እሱ ግን ቅር አይለውም። «ያንተ ነው፤ ከየት እንደመጣ የምታውቀው አንተ ነህ» ይላል።

የቶኮዛውን ነገር የነገረኝ ኤርሚያስ ነው። ኤርሚያስ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ቶኮዛ ውስጥ ስፓዛ አለው፤ ከዳቦ እስከ ሻማ የሚሸጥባት የሰፈር ሱቅ። የሱቁን ካሜራ የሚያይበት ላፕቶፕ እየጋለ ይጠፋበታል። ሁለት ጠጋኞች በየተራ ፋን ቀይረውለታል። ጋሽ ታምራት ጠረጴዛ ላይ ሲያስነሳው ምንም የለበትም፤ ቶኮዛ ሲመለስ እንደገና ይግላል። ሌላው ቢሆን ሦስተኛ ፋን ይሸጥለት ነበር። ጋሽ ታምራት ግን ጠረጴዛውን ቆልፎ፣ በታክሲ ተጭኖ፣ ቶኮዛ ድረስ ሄደ። ሱቁ ገብቶ ለመጡት ደንበኞች ሁሉ በዙሉኛ «ሳውቦና» እያለ ሰላምታ እየሰጠ ቆሞ ዓይኑን አዞረ። ላፕቶፑ የተቀመጠው ከዲፕ ፍሪዙ ጀርባ፣ የፍሪዙ ሞተር ሙቅ አየር በሚተፋበት ቦታ ነበር።

«ማሽንህ ጤነኛ ነው። ቦታው ነው የታመመው» አለው። ሳንቃ ፈልጎ ማዶ ግድግዳው ላይ መታለት። አንድ ቀዝቃዛ ኮካ ጠጥቶ ተመለሰ። ኤርሚያስ ይህን ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል። «ጋሼ ማለት ጌታ የላከልኝ ሰው ነው» ይላል።

ከዚያ አገሩ ተዘጋ። ወታደር መንገድ ላይ ቆመ፣ ሱቆቻችን ተቆለፉ፣ የጄፒ ሕንፃዎችም በሰንሰለት ታሰሩ። እኔ ትሮይቪል በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ከላፕቶፔ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ትምህርቱም ፈተናውም በእሱ በኩል ሆነ። ቀኑ አልመሽ ሲለኝ ኪሮሽ አነሳሁና ዳንቴል መሥራት ጀመርኩ። እጄ ጥሩ ነው፤ ይህን ማንም አይክደኝም። ለቴሌቪዥኑ ሠራሁ፣ ለፍሪጁ ሠራሁ፣ ለማይክሮዌቩ ሠራሁ። ታዲያ ትልቁ ንብረቴ ላፕቶፑ ራቁቱን ይቀመጥ? ለእሱ ሁለት ሠራሁለት፤ ነጭ፣ ዳር ዳሩን በአረንጓዴ ክር የተከፈፈ። አንዱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ እላዩ ላይ አስቀመጥኩት። ሌላውን ደግሞ ትምህርቱን እያወረደ ሲያድር አቧራ እንዳይገባበት ከላይ አለብሰዋለሁ። እናቴ ቴፗን የምታከብረው እንዲህ ነበር። እኔም ያከበርኩት መስሎኝ ነበር።

በሳምንታት ውስጥ ይግል ጀመር። የጆሃንስበርግ ክረምት ዝናብ የለውም፤ ደረቅ ብርድ ነው፤ አጥንት ይገባል። እኔ በሁለት ሹራብ እየተንቀጠቀጥኩ ላፕቶፑ እጅ ያቃጥላል። ፋኗ ትጮሃለች፤ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ጭልም ይላል። የእንቅስቃሴ እገዳው ትንሽ ሲላላ ለጋሽ ታምራት ደወልኩ።

«ሂልብሮው ቤቴ ነው ያለሁት። እንግዳ ማስገባት ክልክል ነው፤ ሴኩሪቲው በር ላይ ነው የሚመልሰው» አለኝ። «አንቺ ሳትኖሪ ልፈታው ነው ማለት ነው። ደስ አላለኝም።»

«ጋሼ፣ ፈተና አለብኝ። አምንሃለሁ።»

«ማመንሽን አይደለም የጠየቅኩሽ» አለ። ግን እሺ አለኝ። ላፕቶፔን በፌስታል አድርጌ፣ በሂልብሮው ሕንፃ የብረት ፍርግርግ በኩል አቀበልኩት። እሱ ጭንብል አድርጓል፣ እኔም አድርጌያለሁ፤ ዓይን ለዓይን ብቻ ነው የተያየነው።

«ምን ላይ ነው የምታስቀምጪው?»

«ጠረጴዛ ላይ።»

«ባዶ ጠረጴዛ?»

«አዎ ጋሼ።»

ለምን እንደዋሸሁ እስከዛሬ ይገርመኛል። ዳንቴሉ ጨርቅ ሆኖ አልታየኝም፤ ጌጥ ነው። ደግሞም ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ «አንሺው» እንዲለኝ አልፈለግሁም።

በሦስተኛው ቀን መለሰልኝ። ማሽኑ ጸጥ ብሏል፣ ቀዝቅዟል። ፌስታሉ ውስጥ ያቺ ትንሽ ፖስታ ነበረች። እንግዲህ ያን ጊዜ የበር እጀታ እንኳን በክርን የምንከፍትበት ዘመን ነው። ከሰው ቤት የመጣ አቧራ! ፖስታዋን በሳኒታይዘር አርሼ ሳልከፍታት ቆሻሻ ውስጥ ጣልኳት። ላይዋ ላይ የተጻፈውንም አላነበብኩትም። ላፕቶፑን ደግሞ ጠረግ ጠረግ አድርጌ፣ ዳንቴሉን አጥቤ፣ መልሼ አለበስኩት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ፈተናው መሃል ላይ፣ ጠፋ። እስኪነሳ ጠበቅኩ፣ ተነሳ፣ ጠፋ። ሰዓቱ አለቀ። የአንድ ዓመት ልፋቴ ጥቁር ስክሪን ሆኖ አፈጠጠብኝ። እንዲያ ስሆን ሰው መፈለግ ጀመርኩ፤ የምወቅሰው ሰው።

በማግስቱ ወደ ሌላ ጠጋኝ ሄድኩ። ሰዉ «ኢንጂነሩ» ይለዋል፤ መስታወት ያለው ሱቅ፣ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ሰርተፊኬት። ላፕቶፑን ተቀብሎ ወደ ጓዳ ገባ። በርጩማ የለም፣ ፎቶ አንሺ የሚል የለም። ተመልሶ መጣ።

«ማን ነው የነካብሽ?»

ነገርኩት።

«አዝናለሁ እህቴ። ኦሪጅናሉ ፋን ወጥቷል። የገባልሽ ፎርጅድ ነው። እኔ አዲስ አድርጌልሻለሁ።»

እዚያው ሱቁ በር ላይ ቆሜ ስልኬን አወጣሁ። ለግሩፑ ድምፄን እንዲህ ብዬ ቀዳሁ፦ «ወገኖቼ ተጠንቀቁ። ጋሽ ታምራት ኦሪጅናል ፋኔን ሰርቆ ፎርጅድ አስገብቶብኛል። ፈተናዬ ያለፈብኝ በሱ ነው። እሱ ሌባ ነው።» ሌባ አልኩ። በአፌ።

ከዚያ የሆነውን ብታዩ! ለካ ሁሉም የሚለው ነበረው። «የኔም ሜሞሪ ቀንሷል» አለ አንዱ። «ባትሪዬ ቶሎ ያልቃል፣ እኔም ገርሞኝ ነበር» አለች አንዷ። «ለዚህ ነው ቤቱ ወስዶ የሚፈታው!» ያለም ነበር፤ ስንት ዓመት ሙሉ ፊታቸው ካልተፈታ እያለ ሲያስቸግራቸው የኖረ ሰው! ኤርሚያስ ብቻ ከቶኮዛ፣ ፊደል እየገደፈም ቢሆን፣ ጻፈ። «ጋሽ ታምራትን አውቃለሁ፤ ይሄ ሰው አይሰርቅም» አለ። ወዲያው አንዱ «አንተ መጀመሪያ አማርኛህን አስተካክል» ብሎ መለሰለት፤ የሳቅ ምልክትም ተደረደረለት። እኔ ደግሞ አልሳቅኩም እንጂ አልተቆጣሁም። አማርኛ በምን ዕዳው ነው ለስድብ የሚጠራው? ኤርሚያስ በሁለተኛ ቋንቋው የተናገራት እውነት እኛ በአፍ መፍቻችን ከተናገርነው ሁሉ ትበልጥ ነበር።

ጋሽ ታምራት የመለሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በጽሑፍ። «ሰላማዊት፣ ላፕቶፑን ይዘሽ ነይ። አቶ ደሳለኝና ሌሎች ሁለት ሰዎች ይገኙ። ፊታችሁ ይፈታ። ያነሳሽውን ፎቶ ይዘሽ ቁጥሩን አመሳክሪ።»

ሰው እንዲህ ብሎ ሲለምን ምን ይከብዳል? አቶ ደሳለኝ «በዚህ ጊዜ መሰብሰብ ክልክል ነው» ብለው መለሱ። ሦስት ሰው! በዚያው ሳምንት ቤታቸው የልጃቸውን ልደት ደግሰው ፎቶውን እዚያው ግሩፕ ላይ ለጥፈዋል። እኔም አልሄድኩም። አዲስ ፋን ገብቶልኛል፣ ነገሩ ለኔ አልቋል፤ ፎቶውንም ፈልጌ አላየሁም።

አላለቀም። በአሥራ አምስት ቀኑ ላፕቶፑ እንደገና ጋለ። ኢንጂነሩ ጋ ስመለስ «ማዘርቦርዱ ሞቷል፤ ሌላ ብትገዢ ይሻላል» አለኝ፤ ወንበሩ ላይ እየተሽከረከረ። ሌላ የምገዛበት አቅም አልነበረኝም። ቤቴ ገባሁ፣ ትንሽ ካቻቢቴ ገዝቼ ነበር፣ ነጭ ወረቀት አነጠፍኩ፣ የላፕቶፑን ጀርባ ዙሪያውን በእርሳስ ነደፍኩ። ብሎኖቹን እያወጣሁ እንደ እሱ በየቦታቸው አስቀመጥኩ። ጀርባውን ሳነሳው ፋኗ አትታይም። በነጭ የጥጥ ብናኝ ተጠቅልላለች። ብናኙን በመርፌ ስስበው ረጅም ክር አብሮ ወጣ። አረንጓዴ ክር። ያንን አረንጓዴ ክር የገዛሁት እኔ፣ የከፈፍኩበት እኔ።

ስልኬ ውስጥ የድሮውን ፎቶ ፈለግሁ። ፋኗ ላይ ያለውን ቁጥር ከፎቶው ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ያው ነው። አንድ ፊደል እንኳን አልተለወጠም። ጋሽ ታምራት ፋኔን አልቀየረም፤ ያ ኢንጂነር ተብዬም አዲስ ፋን አላስገባም። ማስረጃው ኪሴ ውስጥ ሆኖ ነው ሰው ሌባ ያልኩት። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ፊቴን በሁለት እጄ መታሁ።

ዳንቴሉን ሁሉ ሰብስቤ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩና በታክሲ ሂልብሮው ወረድኩ። ጋሽ ታምራት ወደ ፍርግርጉ መጣ። ከስቷል። ጄፒ ላይ የነበረችውን ጠረጴዛውን ለቋል። ማሽኑን ይዞ የሚመጣ ሰው ሲያጣ፣ መንገድ ዳር ሸራ አንጥፎ ቻርጀርና የስልክ ሽፋን ይሸጥ ጀምሮ ነበር። ክሩን በወረቀት ጠቅልዬ ይዤ ሄጄ ነበርና በፍርግርጉ በኩል አሳየሁት።

«አውቃለሁ» አለ። «ፖስታው ውስጥ አድርጌልሽ ነበር እኮ። ‹የዳንቴል ክር። ሥሩ ያለውን አንሺው› ብዬ ጽፌበት ነበር።»

«ሳልከፍተው ጣልኩት ጋሼ። ኮቪድ ፈርቼ።»

ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ታዲያ ግሩፑ ላይ ለምን አልተናገርክም? ‹ጥፋቱ የሷ ዳንቴል ነው› ለምን አላልክም?»

«ማን ያምነኛል? ሌባ ከተባልኩ በኋላ የምናገረው የሌባ ቃል ነው። ለዚህ እኮ ነው ፊታችሁ ይፈታ ያልኩት።» ጭንብሉን አስተካከለ። «ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሬዲዮ ስጠግን፣ ቴፕ ስጠግን፣ ሰው ዕቃው ጎደለብኝ ብሎኝ አያውቅም። ያለኝ ይኸው ብቻ ነበር ሰላም።»

«ማረኝ ጋሼ። ምን ላድርግልህ?»

«በተናገርሽበት ቦታ ተናገሪው። ሌላ አልፈልግም።»

«ዛሬውኑ» አልኩት። ማልኩለት ጭምር።

አሁን የሚመጣው ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ነው። ቀጥታ ስልኬን አውጥቼ መቅዳት ነበረብኝ፤ ሌባ ያልኩት ጊዜ ማንን አስፈቀድኩ? ያን ቀን ግን አቶ ደሳለኝን ላማክር ብዬ ደወልኩ። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

«ተይው ልጄ» አሉኝ። «የበረደ ነገር አትቀስቅሺ። ኢንጂነሩም የኛው ልጅ ነው፤ ሰው ማጣላት ይሆናል። ጋሽ ታምራት እንደሆነ ትልቅ ሰው ነው፣ ይረሳዋል።»

«እውነቱ ግን አባባ…»

«አንቺን ብዬ እኮ ነው። ሰዉ ምን ይልሻል?»

ይህችን ነበር የምጠብቀው። ስልኩን ዘግቼ ለግሩፑ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የላፕቶፔ ጉዳይ በሰላም ተፈቷል። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።» ሰዉ «እልልል» አለ። አንዱ «አመነልሽ ማለት ነው!» ብሎ ጻፈ። ሌላው «ድሮስ የት ሊሄድ!» አለ። ጣቴ ስልኩ ላይ ቆመ፤ «አይደለም» የምትል አንዲት ቃል ነበረች የምታስፈልገው። አልጻፍኳትም። ስለዚህ ጋሽ ታምራት በኔ ሁለተኛ መልእክት፣ ያልሰረቀውን ሰርቄያለሁ ብሎ ያመነ ሰው ሆነ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አገኘሁት። ጄፒ ጥግ ላይ፣ ሸራው ላይ ቻርጀር ደርድሮ ቆሟል። ሸሽቼ ላልፍ ስል ጠራኝ። ስለ መሐላዬ ይጠይቀኛል ብዬ ዓይኔን ቻርጀሮቹ ላይ ጣልኩ።

«ይግላል?» አለኝ።

«አይግልም ጋሼ።»

«ባዶ እንጨት ላይ ነው?»

«ባዶ እንጨት ላይ ነው።»

«እሰይ» አለ። «ፈተናውንስ?»

«ደግሜ ወስጄ አለፍኩ።»

«እሰይ፣ እሰይ።» ፊቱ በእውነት በራ። ስለ ግሩፑ አንድም ቃል አላነሳም። ቢያነሳ፣ ቢሰድበኝ፣ ሰው ፊት ቢያዋርደኝ እላለሁ ዛሬ። ሰዉ በአጠገቡ እያለፈ ቻርጀሩን አንስቶ «ኦሪጅናል ነው? የጋሽ ታምራት ኦሪጅናል!» እያለ ያሾፍበት ነበር። እሱ ቻርጀሩን ተቀብሎ በቦታው ይመልሳል።

ሲታመም ያስታመመው ኤርሚያስ ነው። ከቶኮዛ እየተመላለሰ ሾርባ በፍርግርጉ ያቀብለው ነበር። መጨረሻ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረው ሆስፒታል ያደረሰውም እሱ ነው። ከእድራችን የጠየቀው ሰው መኖሩን አልሰማሁም። እኔም አልጠየቅኩትም። የጠየቅነው ሲሞት ነው፤ በሻማ ምስል።

እናም ያን ቀን፣ መጋረጃዎቹ መሃል ቆሜ፣ «ነፍስ ይማር» ከሚለው ሰልፍ ሥር ስልኬን አፌ ላይ አስጠግቼ ቀዳሁ። ማንንም አላማከርኩም። «ሰላማዊት ነኝ። ጋሽ ታምራት አልሰረቀኝም። ፋኔን አልቀየረም፤ የቁጥሩ ፎቶ ይኸው፣ እዩት። ላፕቶፔን ያቃጠለው የሠራሁት ዳንቴል ነው። ዋሽቼዋለሁ፣ ስሙን አጥፍቻለሁ፤ በሕይወት እያለ እንድናገርለት ለምኖኝ ማልኩለትና ዝም አልኩ። አቶ ደሳለኝም ያውቃሉ። ሌባ ያላችሁት ሁሉ አሁን ታማኝ ከማለታችሁ በፊት ይቅርታ በሉት።»

የድሮውንና ማሽኑን ራሴ የፈታሁ ቀን ያነሳሁትን፣ ሁለቱን ፎቶዎች አስከትዬ ላክሁ። ከዚያ ኤርሚያስ አንድ ቃል ላከ፤ «ተመስገን» አለ። ከእሱ ሥር አቶ ደሳለኝ ጻፉ፦ «ልጄ፣ በሐዘን ቀን የሞተ ሰው ስም ማንሳት ነውር ነው። ግሩፑን አታውኪ።» መልስ ልጽፍላቸው ስጀምር ስክሪኑ ላይ መጻፊያው ጠፋ። ከግሩፑ አስወጥተውኛል።

በቁሙ ሌባ ያልኩት ቀን ግን ማንም አላስወጣኝም ነበር።